ከቺፑ ስር ያለው ውሃ

ባለፈው ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በቴሌግራም ፋይል ላከልኝ። «ወንድሜ፣ ይቺ ስክሪፕት እየሞተች አስቸገረችኝ፤ እስቲ አንዴ እያት» ይላል። ሁለታችንም የተመረቅነው በሲቪል ምህንድስና ነው። እኔ ከተመረቅኩ ስድስት ወር ሳይሞላኝ ወደ ኮድ ሸሸሁ። እሱ ሁለተኛ ዲግሪውን አሜሪካ ሠርቶ አሁን ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላራ አውራጃ ውስጥ፣ የተበከለ አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ በሚያጸዳ ድርጅት ተቀጥሯል። ሥራህ ምንድነው ስለው ሁሌም መልሱ «ጭቃ እና ኤክሴል» ነበር። እኔም ከዚያ አልፌ ጠይቄው አላውቅም።

ስክሪፕቷ የምትሞትበት ምክንያት ቀላል ነው። የውሃ ናሙና ውጤት በሚጻፍበት ዓምድ ውስጥ፣ ቁጥር መሆን ያለበት ቦታ ላይ፣ አንዳንዴ «<0.5» የሚል ጽሑፍ አለ። ፓይተን ይህን ቁጥር አድርጎ ማንበብ አይችልም። ምልክቱ ያለበትን ሁሉ ዜሮ አደረግኩና በአምስት ደቂቃ ውስጥ መለስኩለት። ወዲያው ደወለ። «ዜሮማ አታድርገው! ዜሮ ማለት የለም ማለት ነው። ይሄ ማለት የላቦራቶሪው መሣሪያ ከ0.5 በታች ማየት አይችልም ማለት ነው። አለመኖርና አለመታየት አንድ ነው እንዴ?»

ትንሽ አፈርኩ። ፋይሉን እንደገና ከፍቼ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ዓመት 1986 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) በየሦስት ወሩ አንድ መስመር። እኔ ስወለድ ይህ ጉድጓድ ናሙና ሲወሰድበት አሥር ዓመት ሆኖታል። አንደኛ ክፍል ስገባም፣ ማትሪክ ስፈተንም፣ የመጀመሪያ ደሞዜን ስበላም፣ አንድ ሰው እዚያ ሄዶ ክዳኑን ከፍቶ ውሃ ቀድቷል። ፋይሉ የሚከታተለው ነገር ስሙ ትራይክሎሮኢቲሊን ይባላል፤ ባጭሩ ቲሲኢ። የኮምፒውተር ቺፕ ማጠቢያ ነበር። የእኔን እንጀራ የሰጠኝ ዕቃ ማለትም አይደል? ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ምሽት ነው።

*

ሲሊከን ቫሊ የሚባለው ቦታ ከቺፕ በፊት የፍራፍሬ አገር ነበር። ፕሪምና አፕሪኮት የሚለቀምበት፣ የደረቀና የታሸገ ፍራፍሬ የሚወጣበት ለም ሸለቆ። ዛፉ የሚጠጣው በብዛት ከከርሰ ምድር በሚሳብ ውሃ ነበር። ከመጠን በላይ ከመሳቡ የተነሳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ስድሳና ሰባ ዓመታት የሳን ሆዜ ከተማ መሃል ወደ 4 ሜትር ሰጥሟል። ከተማ እንዳለ፣ ከነሕንጻው። ስለዚህ የሸለቆው ሰው የሚኖረው ውሃ ላይ መሆኑን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

በ1957 ስምንት ወጣት ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ከአለቃቸው ተጣልተው ወጡና ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን መሠረቱ። ከዚያ የወጡ ሰዎች ኢንቴልንና ሌሎች በርካታ ድርጅቶችን ፈጠሩ። ይህን ታሪክ ሁላችንም በዩቲዩብ ሰምተነዋል። የማንሰማው የእጥበቱን ክፍል ነው። ቺፕ ሲሠራ አንዲት ብናኝ ወይም አንድ ጠብታ ቅባት ሥራውን ሁሉ ታበላሻለች፤ ስለዚህ በየደረጃው ይታጠባል። ማጠቢያው ደግሞ ቅባት የሚያሟሟ፣ ቶሎ የሚተንና በቀላሉ የማይቀጣጠል ፈሳሽ መሆን ነበረበት። ቲሲኢና ዘመዶቹ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር።

ፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫ የላቸውም። አጥራቸው ውስጥ ሣር አለ፤ ሠራተኛው ነጭ ልብስ ለብሶ «ንጹህ ክፍል» ውስጥ ይገባል። የከተማ አስተዳደሮችም ንጹህ ኢንዱስትሪ ነው ብለው በደስታ ተቀበሏቸው። ንጹህ ክፍሉ የሚጠብቀው ግን ቺፑን ከሰው ነው እንጂ ሰውን ከኬሚካሉ አይደለም። ያገለገለው ማጠቢያ የሚጠራቀመው መሬት ውስጥ በተቀበሩ ታንኮች ነበር። የእሳት አደጋ ደንብ ራሱ ኬሚካል ከመሬት በላይ ከሚቀመጥ ቢቀበር ይሻላል የሚል ዝንባሌ ነበረው። እሳትን የፈራ ሰው ውሃውን ረሳ።

በታኅሣሥ 1981 በደቡብ ሳን ሆዜ የፌርቻይልድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ የተቀበረ ታንክ ማፍሰሱ ታወቀ። ከዚያ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ለአካባቢው ነዋሪ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ጉድጓድ አለ። የውሃ ኩባንያው ሲመረምረው ትራይክሎሮኢቴን የሚባል የቲሲኢ ዘመድ ተገኘበት፤ ጉድጓዱም ተዘጋ። ወሬው ጋዜጣ ላይ የወጣው በቀጣዩ ወር ነው። ሎስ ፓሴዮስ የሚባለው ሰፈር ነዋሪ የሆነች ሎሬይን ሮስ የምትባል እናት ይህን አነበበች። ልጇ የተወለደችው ከልብ ችግር ጋር ነው። በሰፈሯ ልጅ የሞተባቸውንና ጽንስ የወረደባቸውን ጎረቤቶቿን መቁጠር ጀመረች።

እዚህ ጋ ቆም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ በኢንተርኔት ላይ ሲነገር ብዙ ጊዜ ግማሹ ይቆረጣል። የካሊፎርኒያ ጤና መሥሪያ ቤት በ1985 ባወጣው ጥናት በሰፈሩ የጽንስ መውረድና ከችግር ጋር የሚወለዱ ሕጻናት ቁጥር ከሚጠበቀው በላይ ነው አለ። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን የውሃው ስርጭት ከጉዳቱ ስርጭት ጋር አልገጥም አላቸው፤ ያኛው ታንክ ነው ያደረገው ብለው ማረጋገጥ አልቻሉም። ጓደኛዬ ስለ «<0.5» የነገረኝ ነገር እዚህም ይሠራል። አልተረጋገጠም ማለት አልሆነም ማለት አይደለም፤ ሆኗል ማለትም አይደለም። እናቶቹ ይህን መልስ ይዘው ነው ዕድሜያቸውን የኖሩት።

የተረጋገጠው ሌላ ነገር ነው። የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪዎች ሌሎቹም ድርጅቶች ታንኮቻቸውን እንዲፈትሹ ሲያዝዙ ብዙዎቹ ጋ ፍሳሽ ተገኘ። በ1982 ቴድ ስሚዝ የሚባል ጠበቃ ከነዋሪዎች ጋር ሆኖ የሲሊከን ቫሊ መርዛማ ነገሮች ጥምረትን አቋቋመ። ሳንታ ክላራ በመጨረሻ 23 ቦታዎች በፌዴራል መንግሥቱ የከባድ ብክለት መዝገብ ላይ ሰፈሩላት። በመላ አሜሪካ ይህን ያህል ያለው ሌላ አውራጃ የለም።

*

ያ መዝገብ ሱፐርፈንድ ከሚባለው ሕግ የመጣ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ከሌላኛው የአሜሪካ ጫፍ። ኒውዮርክ ግዛት፣ ናያግራ ፏፏቴ ከተማ ውስጥ ሁከር የሚባል የኬሚካል ድርጅት ከ1942 እስከ 1953 ድረስ ወደ 20,000 ቶን ኬሚካል አንድ ተጀምሮ በቀረ ቦይ ውስጥ ቀብሮ፣ ቦታውን ለትምህርት ቦርዱ በ1 ዶላር ሸጠው። ትምህርት ቤትና የመኖሪያ ቤት ተሠራበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኬሚካሉ ወደ ምድር ቤቶች መውጣት ጀመረ። በ1978 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ሰው መነሳት ጀመረ። ቦታው ላቭ ካናል ይባላል። ትግሉን የመራችው ሎይስ ጊብስ የምትባል የቤት እመቤት ናት። ፕሬዚዳንት ካርተር ከሥልጣን ሊወርዱ ሳምንታት ሲቀራቸው፣ በታኅሣሥ 1980፣ ሕጉን ፈረሙ። ከነዳጅና ከኬሚካል ኢንዱስትሪው በዋነኛነት በሚሰበሰብ ግብር 1.6 ቢሊዮን ዶላር ይጠራቀማል፤ በካዩ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ ራሱ ይከፍላል፣ ድርጊቱን ሲፈጽም ሕጋዊ የነበረ ቢሆን እንኳ።

ሕግ ወጣ፣ ገንዘብ ተመደበ። ሠራተኛው ግን የለም። ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነበር፦ መሬት ውስጥ የገባን መርዝ ማን ነው የሚያወጣው? እንዲህ ያለ ሙያ በዩኒቨርሲቲ አልነበረም።

ስለዚህ ከየቦታው ተሰበሰቡ። መጀመሪያ የመጡት ሃይድሮጂኦሎጂስቶች ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ሥራቸው ለከተማና ለእርሻ ውሃ መፈለግ ነበር። የያዙት ሒሳብ ሄንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1856 ዲዦን ከተማ ውስጥ በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውሃ እያሳለፈ ያገኘው ነው። እኔም አራተኛ ዓመት ላይ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናው ላይ ቀመሩን ጽፌ ረስቼዋለሁ። ቀጥሎ የጉድጓድ ቆፋሪዎች መጡ፤ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚያውቁ መሐንዲሶች መጡ፤ ኬሚስቶች መጡ። ጠበቆች ደግሞ ሳይጠሩ መጡ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሱፐርፈንድ ማን የበለጠ በላ ቢባል እነሱን የሚጠራ ብዙ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የሠራተኛ ደህንነት ደንብ ወጣ። ወደ ተበከለ ቦታ የሚገባ ሰው የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ፣ ሦስት ቀን ደግሞ በሜዳ ላይ ልምድ ባለው ሰው ሥር ሠርቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ 8 ሰዓት ይከልሳል። ጓደኛዬ ካርዱን ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይዞራል። «ከዲግሪዬ ይልቅ ቀድመው የሚጠይቁኝ ይቺን ነው» ይለኛል።

ዘዴው ቀላል ይመስል ነበር፤ ሳብና አጣራ። ጉድጓድ ትቆፍራለህ፣ የተበከለውን ውሃ በፓምፕ ታወጣለህ፣ በረጅም ማማ ውስጥ ከላይ እያፈሰስክ ከታች አየር ትነፋበታለህ ወይም በከሰል ታሳልፈዋለህ። ኬሚካሉ ይለያል፤ ውሃው ንጹህ ይሆናል። ስንት ጊዜ ይፈጃል? በጊዜው የብዙ ሰው ግምት በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነበር። ውሃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከለወጥከው አለቀ አይደል?

አላለቀም። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ ይዘገይና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፓምፑ ሲጠፋ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

ምክንያቱን ለመረዳት ቅቤ የነበረበትን ቅል አስቡ። ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ውሃ ስትሞሉበት አሁንም ቅቤ ቅቤ ይላል። ቅባቱ ያለው የቅሉ ሥጋ ውስጥ ነዋ። መሬትም እንደዚያ ነው። ውሃ በአሸዋና በጠጠር ውስጥ ቶሎ ያልፋል፤ በመሃል ያለው የሸክላ አፈር ግን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ኬሚካሉን በዝግታ ሲጠጣ ቆይቷል። አሸዋው ሲጸዳ ሸክላው የጠጣውን በዚያው ዝግታ መልሶ ይተፋል። በዚያ ላይ ቲሲኢ ከውሃ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። ቤንዚን ቢሆን ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ ይሄ ግን ውሃውን አልፎ ይሰምጣል፣ በየስንጥቁ ይበታተናል፣ ከታች አንድ ቦታ ኩሬ ሠርቶ ይተኛል። ፍሪድሪሽ ሽቪለ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ይህን በላቦራቶሪ ውስጥ በመስታወት ሣጥን አሳይቶ ነበር፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው ግን በ1988 ነው። ፓምፖቹ ያን ጊዜ በየቦታው ተተክለዋል።

አሜሪካ ለመጠጥ ውሃ የፈቀደችው መጠን በአንድ ቢሊዮን ክፍል ውሃ ውስጥ 5 ክፍል ቲሲኢ ነው። አንድ በርሜል የፈሰሰበት ቦታ ስንት ውሃ ከዚህ በላይ እንደሚያደርግ አስሉት። እኔ አስልቼ ሁለት ጊዜ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

*

በ1989 ዳግላስ ማካይና ጆን ቼሪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጡ። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሳብና አጣራ ብክለቱ እንዳይስፋፋ ይይዘዋል፤ ያጸዳዋል ብለን ግን አንጠብቅ። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ 77 ቦታዎችን መረመረ። ከእነሱ ውስጥ 69ኙ የታሰበላቸው ንጽህና ላይ አልደረሱም ነበር።

ይህን ስታነቡ ከውጭ ቀላል ይመስላል። አንድ ሙያ በተወለደ በአሥር ዓመቱ፣ በሰዓት እየተከፈለው፣ ማሽኑ እየሠራ፣ ሪፖርቱ እየተጻፈ፣ «ይሄ ነገር እኮ አያጸዳም» ብሎ በራሱ ባለሙያዎች እጅ ማሳተም ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። ደንበኛው «ታዲያ ለምን ነበር የከፈልኩህ?» ይላል። በካዩ «አይቻልም ካላችሁ በቃ ልተወው» ይላል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ልትተዉን ነው» ይላል። ሦስቱም ተብሏል። እኔ ባለሁበት ሙያ ውስጥ ያልሠራ ፕሮጀክት በዝምታ ስሙ ተቀይሮ ሌላ ስላይድ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህን መስክ ማክበር የጀመርኩት 69 የሚለውን ቁጥር ሳነብ ነው።

መንገድ የተከፈተውም ከዚያ ወዲህ ነው። ካናዳ ውስጥ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1980ዎቹ አንድ ተማሪ ለናሙና መቅጃ የሚሆነው ቱቦ ከምን ቢሠራ ኬሚካሉን አይመጥም የሚለውን እየሞከረ ነበር። ብረት ባለባቸው ጠርሙሶች ውስጥ ኬሚካሉ እየቀነሰ ሄደ። በእኛ አነጋገር ባግ ነው፤ ሙከራው ተበላሸ ማለት ነው። ነገሩ ጥቂት ዓመታት ተቀምጦ ቆየ። በኋላ ሮበርት ጊልሃም የሚባለው ፕሮፌሰር ተመልሶ ሲያየው፣ ብረቱ ሲዝግ ኬሚካሉን እየሰባበረው ነበር። ተራ ብረት፣ የፋብሪካ ፍቅፋቂ። በ1991 ቦርደን በሚባል የካናዳ ጦር ሰፈር ውስጥ በሜዳ ሞከሩት፦ ከውሃው ፊት ለፊት መሬት ውስጥ ብረትና አሸዋ የተደባለቀበት ግድግዳ ቀበሩ፤ ውሃው ራሱ በግድግዳው ውስጥ ያልፋል፣ ያለ ፓምፕ፣ ያለ መብራት። የመጀመሪያው የንግድ ሥራ የተተከለው ደግሞ በ1995 መባቻ ላይ ሰኒቬል ካሊፎርኒያ ነው፣ በአንድ የቀድሞ የቺፕ ፋብሪካ ግቢ። እዚያው ሸለቆ ውስጥ።

ሁለተኛው ከፍሳሽ ጭቃ የመጣ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1997 ከኢታካ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ጭቃ ውስጥ ክሎሪን ያለበትን ማጠቢያ «የሚተነፍስ» ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። ዲሃሎኮኮይደስ አሉት። እኛ ኦክስጅን እንደምንጠቀመው እሱ ቲሲኢና ዘመዶቹን ይጠቀማል፤ ክሎሪኑን አንድ በአንድ እየነቀለ ጉዳት የሌለው ጋዝ አድርጎ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲህ ሞላሰስ፣ የአትክልት ዘይት፣ የመሳሰለውን መሬት ውስጥ በመርፌ እየሰጡ እነዚህን ፍጥረታት መቀለብ የተለመደ ሥራ ሆነ። አደገኛው ነገር መሃል ላይ ማቆሙ ነው። ትክክለኛው ባክቴሪያ ከሌለ ሥራው ግማሽ ላይ ይቆምና ቪኒል ክሎራይድ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ካንሰር አምጪነቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሰው ሄዶ መለካት አለበት። ሁልጊዜም መለካት አለበት።

ስለ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። በ1984 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ማክዶናልድና ሃርባው የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች የጻፉትን ሞድፍሎ የሚባል ፕሮግራም በነጻ ለቀቀ። በፎርትራን የተጻፈ ነው። መሬቱን እንደ ሣጥን ቆራርጦ ውሃው ከየትኛው ሣጥን ወደ የትኛው እንደሚሄድ ያሰላል። ዛሬም ይሠራል፤ ስድስተኛው እትም በ2017 ወጥቷል፤ በፓይተን የሚጠራበት ላይብረሪም አለው። በጊትሃብ ላይ ብዙ ኮከብ ያላቸው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም የማያስታውሳቸው ስንት ፕሮጀክቶች አውቃለሁ። ይሄኛው አርባ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ደግሞ ስሙን የሰማሁት አምና ነው።

*

ጓደኛዬን የአንድ ቀን ሥራህን በድምፅ ላክልኝ ብዬው ነበር። ጠዋት በአንድ ሰዓት መኪናው ውስጥ በረዶ የሞላ ሣጥን ጭኖ ይወጣል። ጉድጓዶቹ ያሉት የቢሮ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ ከላይ የብረት ክዳን፣ ሰው ሳያያቸው የሚረግጣቸው። በቀጭን ቱቦና በዝግተኛ ፓምፕ ውሃውን ያወጣል፤ ቶሎ ቢስበው ጭቃው ይታወክና ውጤቱ ይበላሻል። ውሃው እስኪረጋ ጠብቆ አውራ ጣት የምታክል የመስታወት ብልቃጥ ይሞላል። ክዳኑን ከገጠመ በኋላ ገልብጦ መታ መታ ያደርጋታል። አንዲት አረፋ ከታየች ይደፋና እንደገና ይሞላል፤ ምክንያቱም ኬሚካሉ ወደ አረፋው ያመልጣል። ከዚያ ጓንት ይቀይራል። ብልቃጧ ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ ማን እንደተቀበለ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በወረቀት ይፈረማል፤ ነገ ፍርድ ቤት ብትቀርብ «ማን ነካት?» ይባላላ። በቀን ስምንት ወይ አሥር ጉድጓድ።

«አሰልቺ ነው» አለኝ። «ግን እኔ አንዲት አረፋ ብተው፣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ዝቅ ብሎ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። ለምን ዝቅ አለ ብሎ የሚጠይቅህ የለም።»

ከዚህ በኋላ የማውቀውን ነገር ሁሉ የማይበት ዓይን ተቀየረ ብል ማጋነን ነው። የላከልኝን አረፋ የሞላበት ብልቃጥ ፎቶ ግን አልረሳሁትም።

ሥራው ያላለቀ መሆኑን የቴክኖሎጂው ዓለም ራሱ አንድ ጊዜ በአፍንጫው አይቶታል። ማውንቴን ቪው ውስጥ ፌርቻይልድ፣ ኢንቴልና ሬይቲዮን የነበሩበት ሰፈር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲጸዳ የቆየ ነው። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ፈርሰው ቢሮ ሆኑ። ከውሃው የሚተን ቲሲኢ ወደ ላይ ወጥቶ በወለል ስንጥቅ ሕንጻ ውስጥ ይገባል፤ አየር ማናፈሻው ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ እስከቆየ ድረስ ይከለከላል። በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ ላይ ጉግል በተከራያቸው ሁለት ሕንጻዎች ውስጥ የማናፈሻው አሠራር ተነካክቶ የቲሲኢው መጠን ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። እኛ ሁላችን የምንመኘው ቢሮ ማለት ነው። ነጻ ምሳ፣ ጂም፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቺፖች የታጠቡበት ውሃ። ከዚያ በኋላ ተስተካክሏል፤ ክትትሉ ቀጥሏል።

ገንዘቡም ተቋርጦ ነበር። የሱፐርፈንድ ግብር በ1995 መሰብሰብ ቆመ፤ የተጠራቀመው በ2003 ገደማ አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ በካዩ በጠፋበት ወይም በከሰረበት ቦታ ሁሉ ከፋዩ ተራው ግብር ከፋይ ሆነ። ኮንግረስ ግብሩን መመለስ የጀመረው በ2021 ነው። ወደ ሃያ ስድስት ዓመት ማለት ነው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ አንድ ሰው ተቀጥሮ ጡረታ ሊደርስ የሚቃረብበት ጊዜ።

*

እኛ ዩኒቨርሲቲ የከርሰ ምድር ውሃ ትምህርት አንድ ሴሚስተር ነበር። የተማርነው ውሃው የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ ፓምፑ ስንት ሜትር ላይ እንደሚቀመጥ ነው። ውሃው ከተበከለ ምን እንደሚደረግ አልተማርንም፤ ወይ እኔ ያን ቀን ቀርቻለሁ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ጥቂት የማይባለው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው። በዚያው በኩል የሚያልፈውን ወንዝ ቀለሙንና ሽታውን ደግሞ በድልድዩ የተሻገረ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ አገር ይህ ሥራ ሲሠራ አንድ ጊዜ አለ። ለአንበጣና ለእርሻ ተባይ ተብሎ ለአሥርት ዓመታት የገባ፣ ጊዜው አልፎ በየመጋዘኑ በርሜሉ እየዛገ አፈሩ ውስጥ ሲፈስ የነበረ ፀረ ተባይ ነበር። ከ2000 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ከ1,500 ቶን በላይ ተለቅሞ፣ እንደገና ታሽጎ፣ ፊንላንድ ድረስ በመርከብ ተልኮ ተቃጠለ። እዚህ የሚያቃጥለው ተቋም ስላልነበረ ነው። ያንን በርሜል በእጃቸው ያሸጉ፣ በዚያ ሙቀት ጭምብል አድርገው የዋሉ ሰዎች ዛሬ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። አንዳቸውንም አላውቅም። ከዚህ ጽሑፍ በፊት መኖራቸውንም አስቤ አላውቅም፤ ለምን ኮድ መረጥክ ሲሉኝ ግን «ምህንድስና እዚህ አገር ሥራ የለውም» እያልኩ ስመልስ ኖሬአለሁ።

ስክሪፕቷን አስተካክዬ ላክሁለት። «<» የሚለውን ምልክት ለብቻው ዓምድ ውስጥ አወጣሁት፤ ቁጥሩ ቁጥር ሆኖ ቀረ፤ ያልታየው ያልታየ ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ ከ1986 ጀምሮ ያለውን ሁሉ በአንድ ግራፍ አወጣሁት። ከላይ ይጀምራል፣ ቶሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ለዓመታት ጠፍጣፋ። አንድ ቦታ ላይ ብድግ ይላል፤ ምን ሆኖ ነው አልኩት። «ፓምፑን ለሙከራ ያጠፉት ጊዜ ነው። እኔ አልነበርኩም፤ ማስታወሻው ላይ ነው ያየሁት» አለ።

መስከረም ላይ የአዲሱን ሩብ ዓመት ውጤት ላከልኝ። አዲስ ላቦራቶሪ ቀይረዋል። አዲሱ ላቦራቶሪ «<0.5» ብሎ አይጽፍም፤ «አልተገኘም» ብሎ ነው የሚጽፈው። ስክሪፕቷ ሞተች።